«በመጨረሻው ቀን እንዲነሣ አውቃለሁ»፦ ማርታ ይህን ከየት አወቀች?

ጥያቄ፦ «በሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አንድ ተማሪ ትንሣኤ ሙታን ከክርስትና በፊት በአይሁድ ዘንድ ይታወቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ብሉይ ኪዳንን ሳገላብጥ በግልጽ ያገኘሁት ዳንኤል 12ን ብቻ ነው። ሌላ ተማሪ ደግሞ ሐሳቡ ከፋርሶች የተወሰደ ነው የሚል ቪዲዮ አይቶ መጣ። ጌታስ ትንሣኤ የለም ለሚሉት ለሰዱቃውያን ሲመልስ ለምን ከዳንኤል አልጠቀሰም? ቢያብራሩልን።»

መልስ፦ አዎ፣ በደንብ ይታወቅ ነበር። ክርስትና ከመምጣቱ ከ150 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሙታን እንደሚነሡ የሚያምኑ አይሁድ ነበሩ። ግን ሁሉም አላመኑም። ያመኑትም ቢሆኑ ነገሩን አንድ ዓይነት አድርገው አላሰቡትም።

ለተማሪዎችዎ ቀላሉ ማስረጃ ዮሐንስ 11 ነው። ጌታ ቢታንያ ደርሶ «ወንድምሽ ይነሣል» ሲላት ማርታ አልደነገጠችም። «በመጨረሻው ቀን በትንሣኤ እንዲነሣ አውቃለሁ» አለች። ይህን ስትል አልዓዛር ገና መቃብር ውስጥ ነው። የጌታም ትንሣኤ ገና አልሆነም። ማርታ የተናገረችው በዘመኗ በብዙ አይሁድ ቤት የሚታወቀውን እምነት ነው። ታዲያ እምነቱ እዚያ ቤት እንዴት ገባ?

ብዙ ሰው መነሻው «ሰው ሲሞት የት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ይመስለዋል። መጽሐፎቹን ቀረብ ብሎ ላነበባቸው ግን የሚያንገበግባቸው ሌላ ነገር ነው። እግዚአብሔርን ታዝዞ፣ በመታዘዙም ምክንያት የተገደለ ሰው ፍርዱን መቼ ያገኛል? እኔ ይህን ጥያቄ ነው የእምነቱ እምብርት የምለው። ከዚህ በታች የምጽፈውም ሁሉ ወደዚያው ይመለሳል።

ከጥንቱ እንጀምር። በጥንቱ የእስራኤል እምነት የሞተ ሰው ሁሉ፣ ጻድቅም ይሁን ኃጥእ፣ ወደ ሲኦል ይወርዳል። ይህ ሲኦል ዛሬ እኛ የምናስበው የኃጥአን መቀጫ ቦታ አይደለም። ጸጥ ያለ የጨለማ አገር ነው። ያዕቆብ ዮሴፍ የሞተ መስሎት ሲያለቅስ እያዘነ ወደ ልጁ እንደሚወርድ ይናገራል። ነቢዩ ሳሙኤል ከሞተ በኋላ በዓይንዶር ሴትዮ በኩል ሲጠራ «ለምን አወክኸኝ?» ብሎ ነው የተቆጣው። መዝሙረኛው በሞት ውስጥ እግዚአብሔርን የሚያስብ የለም ይላል። መክብብ ደግሞ ሙታን አንዳች አያውቁም ብሎ ቁርጡን ይናገራል። ኢዮብ 14ን እስኪ ጮክ ብለው ያንብቡት። ዛፍ ቢቆረጥ ተስፋ አለው፣ የውኃ ሽታ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል። ሰው ግን ከሞተ በኋላ ወዴት አለ? ይህ የክህደት ቃል አይደለም። የዚያ ዘመን አማኝ የሚያውቀውን ነው የሚናገረው።

ተስፋቸው ምን ነበር ታዲያ? ልጅ፣ ስምና ምድር። አብርሃም ዕድሜ ጠግቦ ሞተ፣ ወደ ወገኖቹም ተከማቸ። ለዚያ ዘመን ሰው ይህ መልካም ፍጻሜ ነው። ኤልያስ የሰራፕታዋን መበለት ልጅ፣ ኤልሳዕም የሱነማዊቷን ልጅ አስነሥተዋል። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ቀናቸው ሲደርስ መልሰው ሞቱ። ይህ የእግዚአብሔርን ኃይል ያሳያል እንጂ «ሙታን ሁሉ አንድ ቀን ይነሣሉ» የሚል ትምህርት ገና አልነበረም።

ሕዝቅኤል 37 ላይ ያሉት የደረቁ አጥንቶችስ? ቃሉ ራሱ ይፈታዋል፦ አጥንቶቹ የእስራኤል ቤት ሁሉ ናቸው። ኢየሩሳሌም በ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ፈርሳ ሕዝቡ በባቢሎን «አጥንቶቻችን ደርቀዋል፣ ተስፋችንም ጠፍቷል» ይል ነበር። ነቢዩ ለዚህ ምሬት መልስ ሰጠ፤ ሕዝቡ ወደ አገሩ ይመለሳል አለ። የእያንዳንዱ ሟች ትንሣኤ በቀጥታ አልተነገረም። ሥዕሉ ግን ተቀመጠ። ከጊዜ በኋላ ሌሎች መጥተው ለሌላ ጥያቄ ያነበቡት ይኸንኑ ሥዕል ነው። ኢሳይያስ 26 ላይ ያለው «ሙታንህ ሕያዋን ይሆናሉ» የሚለውም ቃል አለ። ስለ ሕዝብ ነው ወይስ ስለ ሰው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ከሕዝቅኤል ይልቅ ወደ ዳንኤል የሚጠጋ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የኦሪት መሠረታዊ ቃል ኪዳን ግልጽ ነው። ብትታዘዝ ትኖራለህ፣ ትባረካለህ። ባትታዘዝ ትጠፋለህ። በ167 ቅ.ል.ክ. ይህ ስሌት ተገለበጠ። የሶርያው ንጉሥ አንጥያኮስ 4ኛ ኤጲፋንዮስ መገረዝንና ሰንበት ማክበርን ከለከለ። በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የአሕዛብ መሠዊያ አቆመ። ልጆቻቸውን ያስገረዙ እናቶች ተገደሉ። ሕጉን የጣሰ ሰው ቤቱ በሰላም አደረ፣ ሕጉን የጠበቀ ተገደለ። ይህ ሰው ዘር አልተረፈለትም፣ ዕድሜም አልጠገበም። እግዚአብሔር እውነተኛ ከሆነ ይህ ነገር እዚህ ላይ ማብቃት አይችልም።

ዳንኤል 12 የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች የተጻፉት በዚህ መከራ መካከል፣ በ165 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው ይላሉ። ትውፊቱ ደግሞ ነቢዩ በባቢሎን ሆኖ አስቀድሞ አየው ይላል። ለጥያቄዎ የሚጠቅመው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ምዕራፍ 11 ላይ ሕዝቡን የሚያስተምሩ ጥበበኞች በሰይፍና በነበልባል ይወድቃሉ። ምዕራፍ 12 ላይ በምድር ትቢያ ካንቀላፉት ብዙዎች ይነቃሉ፣ ጥበበኞቹም እንደ ሰማይ ፀዳል ያበራሉ። በሰይፍ የወደቁት ናቸው የሚያበሩት። «ብዙዎች» ማለቱንም ልብ ይበሉ፤ ሁሉም አላለም። ዓይኑ ያለው ፍርዳቸው በተንጠለጠለ ሰዎች ላይ ነው፤ በግፍ የሞቱና ግፍ ሠርተው የተመቻቸው።

ይህ እምነት በሥጋና በደም ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ በግሪክኛ የተጻፈውን ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 7ን ያንብቡ። (አንድ ማሳሰቢያ፦ በቤተ ክርስቲያናችን መጽሐፈ መቃብያን ተብለው የሚነበቡት ሦስቱ መጻሕፍት ሌላ ድርሰት ናቸው። የእነሱ ንጉሥ ጺሩጻይዳን ነው። እነሱም ስለ ትንሣኤ ሙታን በሰፊው ይናገራሉ፣ ግን ይህ ታሪክ እዚያ የለም። ተማሪዎች ሁለቱን ሲያምታቱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።) ሰባት ወንድማማቾችና እናታቸው ንጉሡ ፊት ቀርበዋል። የአሳማ ሥጋ ብሉ ተብለው እምቢ አሉ። አንድ በአንድ ይገደሉ ጀመር። ሁለተኛው ሊሞት ሲል የዓለም ንጉሥ ስለ ሕጉ የሞትነውን ለዘላለም ሕይወት ያስነሣናል አለ። ሦስተኛው ምላስህን አውጣ ሲባል ወዲያው አወጣ። እጆቹንም ራሱ ዘረጋ። እነዚህን ከሰማይ ነው ያገኘኋቸው፣ ከእርሱም መልሼ እንደማገኛቸው ተስፋ አደርጋለሁ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ነፍስ አትሞትም ማለት ብቻውን ለዚህ ልጅ ለምን አልበቃውም? መልሱ እጁ ላይ ነው። የተወሰደበት እጁ ነው፣ ምላሱ ነው። የበደሉት በሥጋው ነው፤ ፍርዱም ሥጋውን የሚመልስ መሆን አለበት። የአይሁድ ትንሣኤ ሥጋን የሙጥኝ ያለበት ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

እናትየዋ ደግሞ አለች። ንጉሡ የመጨረሻውን ትንሽ ልጅ እንድታግባባው ለመናት። ወደ ልጁ ጎንበስ ብላ በአባቶቿ ቋንቋ ተናገረችው፤ ንጉሡ የልመናው ፍሬ መሰለው። እሷ ግን ሰማይንና ምድርን እይ፣ እግዚአብሔር ካልነበረ ነገር እንደፈጠራቸው እወቅ፣ ሞትን ተቀበል፣ ከወንድሞችህ ጋር መልሼ እንዳገኝህ አለችው። ቀደም ሲልም በማኅፀኔ እንዴት እንደተገኛችሁ አላውቅም፣ እስትንፋስና ሕይወት የሰጠኋችሁ እኔ አይደለሁም ብላቸው ነበር። ሙግቷ ቀጥተኛ ነው። ከምንም የፈጠረ አምላክ መልሶ መሥራት አያቅተውም።

እስካሁን የተናገርኩትን ብቻ ይዘን ብንሄድ «ትንሣኤ በአንጥያኮስ ስደት ጊዜ የመጣ ሐሳብ ነው» ብለን እንደመድም ነበር። ብዙ የቆዩ መጻሕፍትም እንዲሁ ይላሉ። ይህን ድምዳሜ ያናጋው ከእኛ ቤት የወጣ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፈ ሄኖክ።

ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አደረሰ። እዚያ መጽሐፉ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። ያኔም ቢሆን ዘመኑን የሚያረጋግጥ ጥንታዊ ቅጂ ስላልነበረ ክርክሩ አላባራም። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዳር በቁምራን ዋሻዎች ጥቅልሎች ሲገኙ ግን የሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይክ ወጡ። ሊቁ ሚሊክ በ1976 አሳተማቸው። የመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም እስከ ምዕራፍ 36 ያለው፣ በአብዛኛው የ3ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ሥራ መሆኑ ታወቀ። ከአንጥያኮስ በፊት ማለት ነው።

እንግዲህ ምዕራፍ 22ን ይክፈቱ። ሄኖክ ወደ ምዕራብ ተወስዶ ከጠንካራ ዐለት የሆነ ትልቅ ተራራ ያያል። ውስጡ ጥልቅና ለስላሳ የሆኑ ባዶ ቦታዎች አሉ። የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚጠበቁት እዚያ ነው። ሄኖክ አንድ ድምፅ ሲጮህና ክስ ሲያሰማ ይሰማል። አብሮት ላለው መልአክ ለሩፋኤል ይህ የማን ነው ይለዋል። መልአኩ የአቤል ነው ብሎ ይመልሳል፤ የቃየን ዘር ከምድር እስኪጠፋ ድረስ ይከሰዋል። ቀጥሎ ሄኖክ ቦታዎቹ ለምን ተለያዩ ብሎ ይጠይቃል። ጻድቃን የውኃ ምንጭና ብርሃን ያለበት ቦታ አላቸው። በሕይወታቸው ሳይፈረድባቸው የሞቱ ኃጥአን ሌላ ቦታ አላቸው። በግፍ የተገደሉት የሚከሱበት ቦታም ለብቻው ነው። በመጨረሻው ቦታ ያሉት ኃጥአን ደግሞ ከዚያ አይነሡም ተብሏል። አይነሡም መባሉ ሌሎቹ እንደሚነሡ ያሳያል።

ይህ ከኢዮብ ሲኦል ምን ያህል እንደራቀ አዩ? እዚያ ሁሉም እኩል ጸጥ ብሏል። እዚህ ሙታን ተለይተዋል፣ ይናገራሉ፣ ይጠብቃሉ። የተራራውም የመጀመሪያ ድምፅ የመጀመሪያው በግፍ የተገደለ ሰው ነው። ስለዚህ የአንጥያኮስ ስደት እምነቱን ከባዶ አልፈጠረውም። የአቤል ጥያቄ ቀድሞ ነበረ፣ ስደቱ አነደደው። በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ኃጥአን «እኛ እንደምንሞት ጻድቃንም ሞቱ፣ ከሥራቸው ምን ተጠቀሙ?» እያሉ ሲሳለቁ ይሰማል። ለጻድቃን የሚሰጣቸው መልስ እንደ ሰማይ ብርሃናት ታበራላችሁ የሚል ነው። ከዳንኤል ጋር ያለውን መቀራረብ ያያሉ።

መጽሐፈ ኩፋሌ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። እሱም ሙሉው የቀረልን በግእዝ ነው፤ የተጻፈው በ2ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. አጋማሽ አካባቢ ነው። ምዕራፍ 23 መጨረሻ ላይ የጻድቃን አጥንት በምድር ያርፋል፣ መንፈሳቸው ግን ብዙ ደስታ ታገኛለች ይላል። አጥንቱ አልተነሣም። መጽሐፈ ሲራክ በ180 ቅ.ል.ክ. ገደማ ሲጻፍ ከዚህም ያነሰ ነው የሚለው፤ ለመልካም ሰው የሚቀረው መልካም ስሙ ነው። በግሪክኛ የተጻፈው መጽሐፈ ጥበብ ደግሞ የጻድቃን ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ናት ይላል። ተማሪዎችዎ «አይሁድ እንዲህ ያምኑ ነበር» ሲሉ «የትኞቹ አይሁድ?» ብለው ይጠይቋቸው።

ጌታ በተመላለሰበት ዘመን ልዩነቱ ወገን ለይቶ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ፍላቪዩስ ዮሴፍ እንደሚለው ሰዱቃውያን ነፍስ ከሥጋ ጋር ትጠፋለች ይላሉ። ፈሪሳውያን ነፍስ አትሞትም፣ የመልካሞች ነፍስም ወደ ሌላ ሥጋ ትሻገራለች ይላሉ። ዮሴፍ ለግሪክና ለሮማ አንባቢ ስለሚጽፍ ቋንቋውን ወደ ፍልስፍናቸው ያዘነብላል፤ ይህን አስበው ያንብቡት። ሐዋርያው ጳውሎስ በሸንጎ ፊት «ስለ ሙታን ትንሣኤ ይፈረድብኛል» ሲል ሸንጎው ለሁለት የተከፈለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከቁምራን ሁለት ነገር ልጨምር፣ ለማስተማር ይጠቅማሉና። አንደኛው ሕዝቅኤልን እንደገና የሚተርክ ጽሑፍ ነው። እዚያ ነቢዩ ስምህን የወደዱ ብዙዎችን አይቻለሁ፣ ዋጋቸውን እንዴት ያገኛሉ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የደረቁ አጥንቶች ራእይ ነው። የሕዝብ መመለስ የነበረው ሥዕል የታመኑ ሰዎች ትንሣኤ ሆኗል። ሁለተኛው ስለ መሲሕ ዘመን የሚናገር ቁራጭ ሲሆን እግዚአብሔር ቁስለኞችን ይፈውሳል፣ ሙታንን ያስነሣል፣ ለድሆች የምሥራች ይናገራል ይላል። ኢሳይያስ 61 ላይ የምሥራቹ አለ፣ ሙታን ማስነሣት ግን የለም። ሉቃስ 7 ላይ ጌታ ለዮሐንስ መልእክተኞች የሰጠው መልስ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟል። መጥምቁ መልሱ ሲደርሰው ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ፋርሱ ቪዲዮ። ይሁዳ ከ539 ቅ.ል.ክ. ጀምሮ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በፋርስ ሥር ነበረች። የፋርሶች ጥንታዊ ሃይማኖት የሆነው የዘራቱሽት እምነትም ሙታን የሚነሡበትን ቀን ያውቃል። ግሪካዊው ቴዎፖምፖስ በ4ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ስለዚህ ጽፏል። ስለዚህ «ምንም ግንኙነት አልነበረም» ማለት አይቻልም። ነገር ግን ዝርዝሩን የሚሰጠን የፋርሶች መጽሐፍ የተጠናቀረው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ9ኛው መቶ ዓመት ነው። በእሱ ተመሥርቶ ስለ ዳንኤል መደምደም አይቻልም። ደግሞም በጥንቱ የዘራቱሽት ሥርዓት አስከሬን ለአሞራ ይሰጥ ነበር እንጂ አፈር አይገባም ነበር። ዳንኤልና ኢሳይያስ የሚናገሩት በትቢያ ስለተኙ ሰዎች ነው። ይህ ትቢያ የዘፍጥረት ነው፤ አዳም የወጣበትና የተመለሰበት። የፋርስ ጉርብትና ሐሳቡ እንዲደፍር ረድቶ ይሆናል። ጥያቄውና ሥዕሎቹ ግን ከእስራኤል ቤት ናቸው።

ታዲያ የክርስትናው አዲስ ነገር ምንድን ነው? በትንሣኤ የሚያምን አይሁዳዊ የሚጠብቀው በመጨረሻው ቀን፣ ከፍርድ ጋር፣ ብዙዎች አብረው ሲነሡ ነው። ታሪክ ሳያበቃ አንድ ሰው ለብቻው ቀድሞ ይነሣል ብሎ የጠበቀ ቡድን አናውቅም። ሐዋርያት የሰበኩት ይህንን ነው። ጳውሎስ ክርስቶስን ላንቀላፉት «በኩራት»፣ ማለትም የመከሩ መጀመሪያ ፍሬ፣ ያለው ለዚህ ነው፤ ፈሪሳዊ ሆኖ ያደገ ሰው መከሩ ከኋላ እንዳለ ያውቃል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ግሩም ነው። ሰዱቃውያን ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጡት ለተጻፈው የሙሴ ሕግ ነው። ዳንኤልን ቢጠቅስላቸው አይረቱም ነበር። ስለዚህ ጌታ ወደ ዘጸአት 3 ሄደ፦ እኔ የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብም አምላክ ነኝ። እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ ነው እንጂ የሙታን አይደለም አላቸው። የአይሁድ መምህራንም ከዚያ በኋላ በዚሁ መንገድ ደክመዋል። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና (የአይሁድ መምህራን የቃል ሕግ ስብስብ) ትንሣኤ ሙታን ከኦሪት አይደለም የሚል ሰው በሚመጣው ዓለም ዕድል ፈንታ የለውም ይላል። ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ ደግሞ መናፍቃን መምህሩን ረባን ገማልያልን ማስረጃ አምጣ እንዳሉት ይተርካል። ከኦሪትም፣ ከነቢያትም፣ ከመጻሕፍትም ጠቀሰላቸው፤ አልተቀበሉትም። በመጨረሻ ዘዳግም 11ን አነበበላቸው። እግዚአብሔር ምድሪቱን ለአባቶቻችሁ፣ ለእነርሱ ሊሰጣቸው ማለ። ለእናንተ አላለም፤ ለእነርሱ አለ። አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ግን ምድሪቱን ሳይወርሱ ሞተዋል። መሐላው የሚፈጸመው እነሱ ሲነሡ ነው።